በኡራኤል ሠፈር ቤት ስለ መግዛትና በጉርብትና ስለ መኖር

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ የምንፈልገው፥ በአዲስ አበባ መካከል ባሉት በኡራኤልና በአጎራባቹ በካዛንቺስ፥ ቆይቶ በሰከነ ሠፈር ውስጥ ቤት ገዝቶ መኖር ምን ማለት እንደ ሆነ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ቤት ያለው ይሸጣል፥ ገንዘብ ያለው ይገዛል፥ ገዢው ዕቃውን አስጭኖ ይገባል። ዳሩ ግን ከሻጩ እጅ ወደ ገዢው እጅ የሚተላለፈው ምን እንደ ሆነ ሲመረመር፥ መልሱ እንደ ጥያቄው ቀላል ሆኖ አይገኝም። መሬቱ አይሸጥም፤ ጉርብትናውም አይሸጥም። የሚሸጠው በነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመው ግድግዳና ጣሪያ ነው፤ ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ግን የማይሸጡት ሁለቱ ናቸው።

አስቀድመን ስለ ሥፍራው ጥቂት እንናገራለን። ኡራኤል ስሙን ያገኘው በሥፍራው ከቆመው ከቅዱስ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወር በገባ በ22ኛው ቀን መንገዱ በምእመናን መሙላቱን የሠፈሩ ሰው ያለ ቀን መቍጠሪያ ያውቀዋል። ዛሬ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም የሚጠራው፥ አስቀድሞ የአሥመራ መንገድ ይባል የነበረው ጎዳና፥ ከዚሁ ከኡራኤል ተነሥቶ በሃያ ሁለት በኩል ወደ መገናኛ ይዘልቃል። ካዛንቺስ የሚለው ስም ግን ከቤት ጉዳይ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የተባለ ድርጅት ነበር፤ የድርጅቱ ቤቶች በኢጣልያንኛ «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ስለ ነበር፥ የከተማው ሰው ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ ካዛንቺስ አለው። «ካዛ ፖፖላሬ» ከተባሉት የሕዝብ ቤቶችም ፖፖላሬ የሚለው የሠፈር ስም ወጥቷል። የፋሽስት ከተማ ነዳፊዎች ነጩን ከጥቁሩ ለይተው ለማስፈር ነበር የወጠኑት፤ የኢንቺስ ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩ ጎረቤት እንዲሆን የታሰበው ዛሬ በዚያ ሠፈር ስሙን የሚያነሣው የሀገሬ ሰው እንዳልነበር መዘንጋት አይገባም።

ከነፃነት በኋላ ሠፈሩ በፍጥነት አደገ። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በአቅራቢያው ተሠራ፤ በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባን መቀመጫው አደረገ፤ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ጸሐፊው፥ ሾፌሩ፥ አስተናጋጁ፥ ጠጅ ሻጯም ሳይቀሩ ቤት ፈላጊ ሆኑ። መሬት የነበራቸው ሰዎች በግቢያቸው ዙሪያ የእንጨትና የጭቃ ክፍሎችን በተርታ እየሠሩ ያከራዩ ጀመር። ዛሬ ተማሪዎች «ሰርቪስ» ብለን የምንከራያቸው የግቢ ውስጥ ክፍሎች የዘር ሐረጋቸው ከዚህ ነው። መሬቱ የነበረው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለ ሆነ፥ አብዛኛው የሠፈሩ ሰው ተከራይ እንጂ ባለቤት አልነበረም።

ይህን ሁሉ የለወጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ነው። በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት አለብን፤ የዛሬው ኡራኤል ያለ እርሱ ሊታወቅ አይቻልምና። አዋጁ መሬትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲይዝ፥ የቤት መሥሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ትርፍ የተባለውን ቤት ወረሰ። ከተወረሱት ውስጥ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ ማኅበራት፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ባለበት ቆመ። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ከፊት ያለው ቪላ የግል፥ ከኋላ ያሉት ሦስት ክፍሎች የቀበሌ ሆነው ቀሩ። በአንድ በር የሚገቡ፥ ከአንድ ቧንቧ የሚቀዱ፥ አንዱ ባለቤት ሌላው ተከራይ የሆኑ፥ ነገር ግን ተከራዩ ለባለቤቱ አንዲት ሳንቲም የማይከፍልባቸው ግቢዎች ተፈጠሩ። ውርሱ የቆየ ቂም ያተረፈባቸው ግቢዎች እንዳሉ ሁሉ፥ የቀድሞው ባለቤትና የቀድሞው ተከራይ ልጆች አብረው ያደጉባቸውም አሉ።

እዚህ ላይ ሐሳባችንን ግልጽ እናደርጋለን። አንድ ሠፈር ሰከነ የሚባለው ሰዎቹ ሳይለዋወጡ ረዥም ዘመን አብረው ሲኖሩበት ነው። በእንግሊዝ ሀገር ከ1919 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል 4 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ፥ በየከተማው ዳር ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ባለ አትክልት ቤቶች ሞሉ፤ በነዚያ መንደሮች ሰውን ከቦታው ጋር ያሰረው በአብዛኛው ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሚከፈል የቤት ዕዳ ነበር። ዕዳውን የሚከፍል ሰው አይንቀሳቀስም፤ ሲጨርስም አርጅቷል። በኡራኤል ያሰረው ሌላ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ ቢለቀው በዚያ ኪራይ ሌላ አያገኝም፤ ስለዚህ ይቆያል፤ ልጆቹም በእግሩ ይተካሉ። ባለ ግል ቤቱም አንድ ቤት ብቻ ስላለው አይነቃነቅም። ሠፈሩን ያሰከነው የባለቤትነት መብት ነው የሚለውን የተለመደ አባባል የማንቀበለው ስለዚህ ነው፤ በኛ አስተያየት ያሰከነው መውጫ ማጣት ነው። በመውጫ ማጣት ላይ ግን ደግና የጸና ጉርብትና ተሠራ። ክፋቱ፥ ማንም የኔ ነው ብሎ የማያድሰው የቀበሌ ቤት ግድግዳው እየዘመመ፥ ቆርቆሮው እየዛገ መሄዱ ነው።

አሁን ወደ መግዛቱ እንመለስ። ቤት ፈላጊው በመጀመሪያ የሚያገኘው ደላላውን ነው። ደላላው በመንገድ ዳር፥ በቡና ቤት በረንዳ፥ ዛሬ ደግሞ በስልክ ይገኛል፤ ድካሙ ከሽያጩ ዋጋ ሁለት በመቶ ነው የሚለው ልማድ የታወቀ ሲሆን፥ ክርክር ከተነሣ የሚነሣውም በዚሁ ላይ ነው። ደላላው ስለ ቤቱ ብዙ ይናገራል። እኛ የምንመክረው ግን ደላላው በሌለበት በሌላ ቀን ተመልሶ፥ በተለይ በክረምት ዝናብ ጊዜ፥ ቤቱን ማየት ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ማገሩና ምሰሶው በምስጥ መበላቱ፥ ልስኑ የተለቀቀው ከላይ ይሁን ከመሠረቱ፥ ኮርኒሱ ላይ የውኃ ምልክት መኖሩ ይታያል። የመብራቱና የውኃው ቆጣሪ ለብቻ ነው ወይስ ከኋላ ካሉት ጋር የጋራ? መጸዳጃ ቤቱ የማን ነው? በኡራኤልና በካዛንቺስ አሮጌ ግቢዎች ከግድግዳው ስንጥቅ ይልቅ እነዚህ ጥያቄዎች የበለጠ ክርክር ያስከትላሉ።

ከዚያ ካርታው ይጠየቃል። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ላይ የተጻፈው ስፋት ከአጥሩ ጋር መመሳሰሉ ይለካል፤ በግቢው ውስጥ ያለው ሰርቪስ በካርታው ውስጥ ነው ወይስ የመንግሥት ቤት ሆኖ የተመዘገበ ነው የሚለው ይጣራል። ከፊት ያለውን ቪላ ሲገዛ ከኋላ የቀበሌ ቤት ተከራዮችን የገዛ የሚመስለው ሰው፥ በሩን እንኳ ብቻውን ሊዘጋ እንደማይችል ቆይቶ ይረዳል። ደግሞም የይዞታ አስተዳደሩ ዘንድ ቤቱ በዕዳ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ መሆን አለመሆኑ፥ በከተማው ፕላን ላይም መንገድ ወይም ሌላ ልማት ያርፍበት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀድሞ ለወጉ ያህል ይጠየቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሁሉ በፊት የሚቀመጥ ሆኗል።

ሻጩ ማን እንደ ሆነ ማወቅም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በአሮጌ ሠፈር ቤቱ ብዙ ጊዜ በሞተ አባት ስም ነው፤ ወራሾቹ አምስት ስድስት ሆነው፥ አንዱ ቤቱ ውስጥ ይኖራል፥ አንዱ አሜሪካ ነው፥ አንዷ በክርክር ላይ ናት። ሁሉም ካልፈረሙ ሽያጩ ውሎ አድሮ ይፈርሳል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፥ ባልየው ብቻውን «እኔ የቤቱ ጌታ ነኝ» ቢል አይበቃም።

በዋጋው ከተስማሙ ቀብድ ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የደነገገው ከልማዳችን ጋር በደንብ የተስማማ ነው፤ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፥ የተቀበለው ወገን ቢተው ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በእንግሊዝ ሀገር በቃል የተስማማ ሻጭ የጽሑፍ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሌላ የተሻለ ዋጋ ሲመጣለት ያለ ቅጣት ሊያፈገፍግ ይችላል፤ ገዢውም እንደዚሁ። በዚህ ረገድ የኛ ቀብድ ከነርሱ ልማድ የጠነከረ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ሰጪውና ተቀባዩ ግን በጽሑፍና በምስክር ማድረግ አለባቸው።

ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ባልተጻፈ ውል የሚደረግ የቤት ሽያጭ ዋጋ የለውም። በሕጉ ቍጥር 1723 መሠረትም የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት፤ ይህን ሥራ በአዲስ አበባ የሚሠራው የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ነው። በመንደር ሽማግሌ ፊት በወረቀት ተፈራርሞ ገንዘብ የከፈለ ሰው፥ ሻጩ ሲክድ በፍርድ ቤት እስከ ሰበር ድረስ የተንገላታበት ጉዳይ ጥቂት አይደለም። ከውሉ በኋላ ስም ዝውውሩ ይቀራል፤ የቴምብር ቀረጡ ከዋጋው 2 በመቶ ሲሆን፥ ሌላም ክፍያ አለ። ስሙ በመዝገብ እስካልተዛወረ ድረስ ሽያጩ በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም፤ ማለት የሻጩ ባለገንዘብ መጥቶ ቤቱን ሊያሳግድ ይችላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አጥብቀን ማስታወስ እንፈልጋለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ይዞታ «ነባር ይዞታ» ይባላል፤ የኡራኤል አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ በዚህ ውስጥ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቍጥር 721፥ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ሰው መሬቱን በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። እንግዲህ ልጅ ከአባቱ ሲወርስ የያዘው ነባር ሆኖ ይቀጥላል፤ ከልጁ የገዛ ሰው ግን ከከተማው አስተዳደር ጋር የሊዝ ውል ይዋዋላል፤ የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው። ሻጭና ገዢ የተስማሙበት ዋጋ የገዢው ወጪ ሁሉ አይደለም ማለት ነው። ከዚህ ለመሸሽ ሲሉ ሽያጩን ደብቀው በውክልና ብቻ ቤት የሚረከቡ ሰዎች አሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞትም ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ቤቱም ስሙ ባለበት በሟቹ ወራሾች እጅ ይወድቃል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አንናገርም። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የቤቶችና ቍጠባ ባንክ የቤት ብድር ይሰጥ ነበር፤ በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፥ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በ2014 ዓ.ም. ለቤት ብድር የተቋቋመው ጎሕ ቤቶች ባንክ ሥራ ጀምሯል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው የሚከፍለው በባንክ ብድር ነው። በአሮጌ ሠፈር ያለ የጭቃ ቤት ግን ለመያዣ ብዙም ስለማይመች፥ ገዢው በአብዛኛው ዕቍብ የጣለ፥ ሌላ ንብረት የሸጠ፥ ወይም ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ የደገፈው ሰው ነው።

ቤቱ ተገዝቶ ዕቃው ከገባ በኋላ፥ በመዝገብ የማይገኘው ሁለተኛው ግዢ ይጀመራል። አዲስ ገቢ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዕድር ገብተዋል?» ተብሎ ነው። ዕድር ወርኃዊ መዋጮ እየሰበሰበ፥ ከአባል ቤት ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፥ አግዳሚ ወንበርና ድስት የሚያቀርብ፥ ገንዘብ የሚሰጥ፥ አስከሬን የሚሸኝ ማኅበር ነው። ዳኛ፥ ጸሐፊ፥ ገንዘብ ያዥና የዕቃ ግምጃ ቤት አለው። አሮጌ ዕድር ዘግይቶ ለሚገባ አባል መግቢያ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም ድንኳኑን፥ ሳህኑን፥ ተቀማጩን ቀደምቶቹ ያጠራቀሙት ስለ ሆነ ነው። ይህ መግቢያ፥ በኛ አስተያየት፥ ጉርብትና በገንዘብ የሚተመንበት ብቸኛው ቦታ ነው፤ ዋጋውም ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቈጠርም። መግቢያውን ከፍሎ ሬሳ የማይሸኝ፥ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ግን ዕድርተኛ ይባል እንጂ ጎረቤት አይባልም። ለዚህ መቀጮ ይጣልበታል፤ ከመቀጮው ይልቅ የሚከብደው ደግሞ ስሙ በስብሰባ ላይ መነበቡ ነው።

ከዕድሩ ሌላ ቡናው አለ። ከአቦል እስከ በረካ በሚቆየው ጊዜ ማን ታመመ፥ የማን ልጅ ፈተና አለፈ፥ የየትኛው ግቢ ውኃ ተቋረጠ የሚለው ሁሉ ይታወቃል። አዲስ የገባች የቤት እመቤት በመጀመሪያው ሳምንት አፍልታ «ቡና ጠጡ» ብላ ካስጠራች፥ ያች አንዲት ጀበና ብዙ በር ትከፍታለች። አጥሩን በብሎኬት አስረዝሞ፥ በላዩ የጠርሙስ ስባሪ ተክሎ የገባ ሰው ደግሞ በአሥር ዓመቱም «አዲሱ ሰውዬ» እንደ ተባለ ይኖራል። የሰርቪስ ተከራይ የሆንን ተማሪዎች እንኳ፥ በዓመት በዓል ዕለት የቤቱ ባለቤት «ልጄ፥ ና ቅመስ» ሲሉን፥ የማን ሠፈር ሰው እንደ ሆንን የምንለየው በዚያ ነው።

ይህን የመሰለው ኑሮ በብዙው የካዛንቺስ ክፍል ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት፥ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ፥ ነዋሪዎቹ በከተማዋ ደቡብ ወዳለው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛወሩ። የተሠራው መንገድ፥ የእግረኛ መሄጃውና መብራቱ የሚናቅ አይደለም፤ ከላይ እንዳልነው ብዙው የቀበሌ ቤት ሰው ሊኖርበት የማይገባ ሆኖ ነበር፤ ገላን ጉራ ውኃና መጸዳጃ በቤቱ ያገኘ ቤተሰብ ያገኘውን ማቃለልም ተገቢ አይሆንም። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቍጥር 1161 ለንብረት ከሚከፈለው ካሳ ሌላ፥ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቡና ጉዳት የሚከፈል ካሳ የሚባል ነገር አስገብቷል። ሕግ አውጪው ጉርብትና ዋጋ እንዳለው መቀበሉን እናደንቃለን። ነገር ግን ካሳው የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነው፤ ዕድር ግን የእያንዳንዱ ሰው ድምር አይደለም። ሁለት መቶ አባወራ ያለው ዕድር ገሚሱ ገላን ጉራ፥ ገሚሱ በየኮንዶሚኒየሙ፥ ጥቂቱ ኡራኤል ሲቀር፥ ለድንኳኑ ማን ይረከባል? ተቀማጩ ይከፋፈላል ወይስ ይቆያል? ጥሩምባው ከኡራኤል ገላን ጉራ አይሰማም፤ በስልክ የተጠራ ሰውም በሁለት ታክሲ ሬሳው ሳይወጣ ለመድረስ ይቸገራል። መዋጮውን በባንክ መላክ ይቻላል፤ ድንኳን ተካዩንና ሌሊቱን አብሮ የሚያድረውን ሰው ግን በባንክ መላክ አይቻልም።

ከዚህም የተነሣ በኡራኤል በኩል የቀረው ቤት ሁለት ዓይነት ገዢ አለው። አንደኛው ቦታውን አይቶ፥ አሮጌውን ቤት አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ የሚፈልግ ነው፤ የሚጠይቀውም ስንት ካሬ ነው፥ ስንት ፎቅ ያስወጣል ብሎ ነው። ሁለተኛው እዚያው ኖሮ ሊያረጅ የሚፈልግ፥ ብዙ ጊዜም ከፈረሰው ሠፈር ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑንና የቀሩትን ዕድርተኞች ላለመራቅ የሚጣጣር ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ደላላ ፊት ሲገናኙ ማን እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። ለሁለተኛው ዓይነት ገዢ የምንለው፥ ከካርታውና ከዕግዱ ማጣሪያ ጋር ለዚያ አካባቢ የወጣውን የልማት ፕላን ከክፍለ ከተማው ጠይቆ እንዲመለከት፥ ከዚያም ቀብዱን ከመስጠቱ በፊት የዕድሩን ጸሐፊ አግኝቶ፥ መዝገቡ ላይ ካሉት አባላት ውስጥ አሁን በእግር መጥተው ለቅሶ የሚደርሱት ስንት እንደ ሆኑ እንዲያስቈጥር ነው።